ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፦ የሐቫናው መስኮት የተዘጋው በማን ላይ ነው?

ክቡር ሚኒስትር፦

ይህ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ማለትም በሐቫናው የአሜሪካ ኤምባሲያችን የቪዛ መስኮት መዘጋትና በዚያ ምክንያት ኩባ በቀረችው ልጄ ላይ፣ የምጽፈው አራተኛ ደብዳቤ ነው። ሦስቱን በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ማስረጃ አያይዤ፣ ስማቸውን እዚህ ማንሳት ለማልፈልግ ቢሮዎች ልኬ ነበር። ለመጀመሪያው «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣልኝ፤ ለሁለተኛው ያው መልስ ቃል በቃል ተደገመልኝ፤ ለሦስተኛው ምንም የመጣ ነገር የለም። አራተኛውን በአደባባይና በአማርኛ የጻፍሁት መሥሪያ ቤትዎ አማርኛ የሚያነብ ሰው እንደማያጣ ስለማውቅ፣ ነገሩም የእኔ ብቻ ሳይሆን ኩባ አድገው ዛሬ በየአገሩ የሚኖሩ የብዙ ወገኖቼ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ወር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 19 ቀን 2018፣ ራውል ካስትሮ የኩባን የፕሬዝዳንትነት ሥልጣን ለሚጌል ዲያዝ-ካኔል አስረከቡ። በ1976 ሕገ መንግሥት ከተደራጀ ወዲህ ከሁለቱ ወንድማማቾች፣ ከፊደልና ከራውል ካስትሮ፣ ውጭ ሌላ ሰው ያንን ወንበር ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። ሰውዬው ከአብዮቱ በኋላ በ1960 የተወለዱ ናቸው። ይህን ስል አገሪቱ ነጻ ወጣች ማለቴ አይደለም፤ ምክር ቤቱ ከ604 ድምፅ 603ቱን የሰጠበትን ምርጫ ምርጫ ብዬ አልጠራውም፤ ራውልም የኮሚኒስት ፓርቲው አንደኛ ጸሐፊ እንደሆኑ ናቸው። በንጉሠ ነገሥት ሥር ተወልጄ በአንድ ፓርቲ ሥር ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ በዚህ ላይ ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልገኝም።

ግን መሥሪያ ቤትዎ ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቀው! በ1996 የወጣውና ሄልምስ-በርተን የሚባለው ሕግ፣ ዋሽንግተን የሽግግር መንግሥት ብላ የምትቀበለው አስተዳደር ፊደልንም ራውልንም ያላካተተ መሆን እንዳለበት፣ የሁለቱን ስም ጠርቶ ይደነግጋል። በ2003 ፕሬዝዳንት ቡሽ ለዚሁ ሽግግር ኮሚሽን አቋቋሙ፤ በ2005 በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ የኩባ ሽግግር አስተባባሪ ተሾመ፤ በጁላይ 2006 ኮሚሽኑ ሁለተኛ ሪፖርቱን ካወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፊደል ታመው ሥልጣኑን ለወንድማቸው አስተላለፉ፤ ነገሩም በዋሽንግተን እንደታሰበው ሳይሆን ያለ አንዳች ግርግር በቤተሰብ ውስጥ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ከዚያ ሁሉ ዝግጅት ወደ ተራው ሰው ደርሶ ያየሁት ዋናው ነገር፣ በ2004 የወጣው፣ አሜሪካ ያለ ኩባዊ ዘመዱን በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠይቅ፣ አክስትና የአጎት ልጅንም ከቤተሰብ እንዳይቆጥር ያደረገው ደንብ ነበር። በዚያን ጊዜ ኩባ ነበርሁ፤ ጎረቤቶቻችን በየበሩ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

በሕግ ተጽፎ ሃያ ሁለት ዓመት የተጠበቀው ቀን ሲደርስ፣ በጁላይ 2015 እንደገና ተከፍቶ የነበረው የሐቫናው ኤምባሲያችን ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሴፕቴምበር 2017 ከግማሽ በላይ የሆኑት ሠራተኞች እንዲወጡ ታዘዘ፤ በዚህ ዓመት ማርች ላይ ደግሞ ጊዜያዊ የተባለው ቅነሳ ቋሚ ሆነ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ከሃያ በላይ አሜሪካውያን ምንነቱ ባልተለየ ነገር ታመዋል፣ ሕመማቸውንም አላቃልልም፣ ሠራተኞቹን መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው። የካናዳ ዲፕሎማቶችም በተመሳሳይ ሁኔታ ታመዋል፤ ካናዳ ግን ባለፈው ወር የሠራተኞቿን ቤተሰቦች ብቻ አውጥታ ኤምባሲዋን በሥራ ላይ አቆይታለች። እኛ የቪዛውን መስኮት ዘጋን። የመኖሪያ ቪዛ ጠያቂዎችን ወደ ኮሎምቢያ ዋና ከተማ ወደ ቦጎታ ላክናቸው፣ አሁን ደግሞ ከጁን 1 ጀምሮ ወደ ጋያና ዋና ከተማ ወደ ጆርጅታውን ልንልካቸው ነው።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። በ1977 አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ሞተ። በ1979 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ወላጅ አልባ ከሆኑ ሌሎች ልጆች ጋር ከሐረርጌ ተወስጄ የወጣቶች ደሴት በምትባለው በኩባዋ ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ ትምህርት ቤት ገባሁ። ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን በግሬፕፍሩት እርሻ እንሠራለን። ደርግ ሲወድቅ የላከን መንግሥት ጠፋ፤ እኔም እዚያው ቀረሁ፣ አገባሁ፣ ልጅ ወለድሁ። በ2009 በስደተኝነት ወደ አሜሪካ መጣሁ፣ በ2015 እጄን አንስቼ ቃለ መሐላ ፈጽሜ ዜጋ ሆንሁ። በ2016 የልጄ እናት ስታርፍ፣ ከአያቷ ጋር የቀረችውን ልጄን ለማምጣት አመለከትሁ። ማመልከቻው ጸደቀ፣ ክፍያው ተከፈለ፣ ሰነዱ ተሟላ፤ የቀረው በሐቫና የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር።

ለዚያ ቃለ መጠይቅ ልጄ ከኑዌቫ ሄሮና በጀልባ ወደ ባታባኖ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ሐቫና መግባት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። መስኮቱ ሲዘጋ ግን የኮሎምቢያ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ በማታውቀው ከተማ ማደሪያ፣ እዚያው የሚደረግ የሕክምና ምርመራና ፓስፖርቷ እስኪመለስ የምትቆይበት ወጪ መጣ። ከሦስት ወር ደመወዜ በላይ አውጥቼ አዘጋጀሁላት። የኮሎምቢያው ቪዛ ለቀጠሮው ቀን ሳይደርስ ቀረ፤ ቀጠሮው አለፈ፣ ቲኬቱም ከሰረ። አሁን ተራዋን በጆርጅታውን እንደገና ትጠብቅ ተብላለች። ጋያና ከኩባውያን ቪዛ እንደማትጠይቅ አውቃለሁ፣ ይህን በጎ ነገር አልክድም። ግን ከደሴቷ ወጥታ የማታውቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በማትችለው ቋንቋ፣ ዘመድ በሌለባት ከተማ ብቻዋን ሳምንታት እንድትቀመጥ የሚያስገድዳት ምንድን ነው? እኔን የአሜሪካ ዜጋውን የሚቀጣኝስ የትኛው ጥፋቴ ነው?

ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። አሜሪካ በሴፕቴምበር 1994 ከኩባ ጋር በተስማማችው መሠረት በየዓመቱ ቢያንስ 20,000 ኩባውያን በሕጋዊ መንገድ እንዲገቡ ግዴታ ገብታለች። ያ ስምምነት የመጣው በዚያ በጋ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በታንኳና በጎማ ባሕሩን ሲሻገር፣ ብዙዎችም ውኃ ሲበላቸው ስለታየ ነው። ባሕሩ ዛሬም ያው ነው፤ ከኪ ዌስት እስከ ኩባ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጀልባ መጥቶ የአሜሪካን ደረቅ መሬት የረገጠ ኩባዊ በዚያው እንዲኖር ይፈቅድ የነበረው አሠራር በጃንዋሪ 2017 ተሰርዟል። ሕገ ወጡን በር ዘግቶ ሕጋዊውን ባሕር ማዶ ማራቅ ምን ዓይነት ፖሊሲ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን ጊዜው ነው። አንድ ጎረቤት አገር መሪ በሚለውጥበት ወቅት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚያ የሚቀመጥ፣ የሚሰማ፣ ከሰው ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ይህን የምለው የራሴን ሕይወት አይቼ ነው። በፌብሩዋሪ 1977 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተቀናቃኞቻቸውን አስገድለው ሥልጣኑን ጠቀለሉ፤ በዚያው ወር የካርተር አስተዳደር በሰብዓዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ መቀነሱን አስታወቀ፤ በኤፕሪል ደርግ የቃኘውን ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ቢሮዎችን ዘጋ፤ በጁላይ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገባ፤ ዓመቱ ሳይገባደድ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደር ደረሰ። ለገዳይ መንግሥት መሣሪያ መከልከሉ ስህተት ነበር አልልም። ዋሽንግተን ስትርቅና ራሷም ስትባረር ግን የሚናገርም የሚሰማም ጠፋ፣ ቦታውን ሌላ ሞላው፣ እኔም የዚያ ጦርነት ወላጅ አልባ ሆኜ ካሪቢያን ባሕር ላይ አደግሁ። በካራማራ የወደቁት ኩባውያንም የሰው ልጆች ነበሩ፤ ምስላቸው አዲስ አበባ በትግላችን ሐውልት አለ።

ዛሬ በሐቫና በሥልጣን ላይ የተቀመጡት ሰዎች በኤምባሲያችን ሠራተኞች መቀነስ የሚጎዱበት ነገር የለም፤ ዲያዝ-ካኔል ቦጎታ ሄደው ቪዛ አይጠይቁም። ወረፋው ላይ ያሉት እናቶች፣ ባሎች፣ ልጆች ናቸው፤ ከአሜሪካ ጋር ያላቸው ዝምድና በደም የሆነ፣ የዚያች አገር መለወጥ ከማንም በላይ የሚጠቅማቸው ሰዎች ናቸው። አንድ አዲስ መሪ በተሾመ በወሩ እነዚህን ሰዎች ባሕር ማዶ መላክ ለአዲሱ መሪ አንዳች መልእክት አያደርስም፤ ለእነርሱ ግን ያደርሳል።

የምጠይቅዎ ከባድ ነገር አይደለም። የዜጎች የቅርብ ቤተሰቦች ቃለ መጠይቅ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ በጥቂት ሠራተኛም ቢሆን በሐቫና እንዲመለስ ይዘዙ። ይህ እስኪሆን በኤምባሲው ሠራተኞች መቀነስ ምክንያት ቀጠሮ ያመለጣቸው ሰዎች ዳግም ከወረፋው ጫፍ እንዳይጀምሩ ያድርጉ። የልጄን ኬዝ ቁጥር ከሦስቱ ደብዳቤዎች ጋር ሦስት ጊዜ ልኬዋለሁ።

በአሜሪካ ነዋሪና ዜጋ የሆንሁ፣ በወጣቶች ደሴት ያደግሁ አባት
ሜሪላንድ፣ ሜይ 2018