ከሰሉን ከድንኳን አውጡት፣ ስንቁስ ከቤት አለ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ሰሞኑን በጉዞ አምዳችሁ በሞተር እየዞሩ ድንኳን ጥሎ ስለማደር ያወጣችሁትን አነበብኩት። እኔም እዚሁ ጎጃም ተወልጄ እዚሁ በሞተር የምዞር ሰው ስለሆንኩ ደስ ብሎኝ ነው የጀመርኩት፣ ግን መሀል ላይ ብርዱ ከበረታ ቡና የፈላበትን ከሰል ወደ ድንኳን አስገብቶ መሞቅ ይቻላል የምትል ነገር አለች፣ እሷን ሳነብ ደነገጥኩ። እባካችሁ ይሄ ይስተካከል፣ ሰው ይሞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀር ሰው አሁንማ ደህና ነው ይላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ያኔም ይወጣል፣ ሽታ የለው ቀለም የለው አይን አያቃጥል፣ በምን ይታወቃል? ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጉልበት ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቅና ሰውነት አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዛ ያቅለሸልሻል፣ ከዛ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲነዳ የዋለ ሰው ደሞ ድካም ነው ብሎ ጋደም ይላል፣ በዛው ይቀራል። ዚፑን ትንሽ ከፈት አድርጎ መተው አያድንም፣ የድንኳን ጨርቅ ውሃና ንፋስ እንዳያስገባ ተብሎ የተሰራ ነው። በከሰሉ ላይ ጥል የለኝም፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ ዳር ላይ የተደረደረው ማዳበሪያ ሁሉ ከሰል ነው፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ስንቱ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል እያወጣ ነው የሚኖረው፣ ለአንድ ማታ የሚሆን ትንሽ ከሰል ማግኘት ከባድ አይደለም። ብቻ ውጭ ይንደድ ውጭ ይጥፋ። ለብርዱ ጋቢ አለ፣ ወይ ደሞ ውሃ አፍልቶ በብረት ኮዳ አድርጎ ክዳኑን አጥብቆ በወፍራም ካልሲ ከቶ እግር ስር ማስተኛት ነው፣ ሌሊቱን ያሞቃል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ምግቡ ነው። ጽሁፉ ፓስታ፣ የቆርቆሮ አሳ፣ ኔስካፌ ያዙ ይላል። የኛ አገር እኮ ሰው በእግሩ በበቅሎው ስንት ቀን ሲጓዝ ኖሯል፣ ለመንገድ የሚሆነው ምግብ ድሮ ተሰርቶ ያለቀ ነው። ጮቄ ላይ ድንኳን ለጣለ ሰው ፓስታ እንዴት እንደሚያስቸግር ልንገራችሁ። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዛ ላይ ውሃ 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ባህር ዳር 94 ገደማ ነው፣ አባይ በረሃ ስትወርዱ ደሞ ከዛም ይጨምራል። ስለዚህ ጮቄ ላይ ውሃው ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ አይበቃም፣ ፓስታው ይለቆጣል እንጂ በደንብ አይበስልም፣ ምስርና ክክማ አይታሰብም፣ ጋዙ ያልቃል እንጂ። በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ግን ቤት ውስጥ ተቆልቶ ተፈጭቶ ወይ ተጋግሮ ስላለቀ እሳት ብዙ አይፈልግም።

በሶውን በጨውና በኑግ ዘይት፣ ካለ ደሞ በማር አሽቶ ጭብጦ አድርጎ በላስቲክ መያዝ፣ በቃ ጠዋት እሳት ሳይነካ ቁርስ አለቀ። ለማታ ድርቆሽ ነው፣ እንጀራው በደንብ ደርቆ የተፈረፈረ ከሆነ ክብደቱ ምንም ማለት ነው። አንድ ሽንኩርት ከትፎ በዘይት ማቁላላት፣ በርበሬ ጣል፣ ውሃ ጨምሮ ፈላ ሲል እሳቱን ማጥፋትና ድርቆሹን ከቶ መክደን። እሳቱ ላይ እያለ ከገባ ይላቁጣል፣ ጠፍቶ ከሆነ ግን መረቁን ቀስ ብሎ ይጠጣና እንደ ትኩስ ፍርፍር ይሆናል። ቋንጣ ያለው ቋንጣ ይጨምር፣ ረቡዕና አርብ ሲሆን ያለሱም ያጠግባል። ሽሮ ለሚሰራ ሰው ደሞ ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ኩባያ ውስጥ በጥብጦ ነው የፈላው ላይ መጨመር ያለበት፣ ንፋስ ላይ ቆሞ የተቋጠረ ሽሮ ማማሰል የሚያናድድ ነገር ነው። እንጅባራ ገበያ ያለፈ ሰው ደሞ ድንች ገዝቶ ረመጥ ውስጥ ይቅበር፣ ከሚጥሚጣ ጋር ሌላ ምን ይፈለጋል።

ወደ ቡናው ልምጣ፣ እኔን ያስጻፈኝ ግማሹ እሱ ነው። ኔስካፌ የሚጠጣ ሰው ይጠጣ፣ ግን ጀበና በሞተር አይሄድም የተባለው ልክ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቆ፣ አንገቱን በሻሽ ጠምጥሞ፣ ጋቢ መሀል አድርጎ ከላይ ማሰር ነው፣ ከሞተሩ ጎን ያለው ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ግን ኮረኮንቹ ላይ ይሰበራል፣ የሚፈራ ሰው የብረት ጀበና ይያዝ። ቡናውን ማታ ቤት ቆልቶ ሳይፈጩ መያዝ ይሻላል፣ ሜዳ ላይ መቁላት ደስ ቢልም ንፋሱ አንዱን ጎን ያሳርርና ሌላውን ጥሬ ያደርገዋል። እዛው በትንሽ የእጅ መፍጫ ይፈጫል። በባህር ዳር በኩል የሚነሳ ሰው የዘጌን ቡና ይሞክር፣ ጣና ዳር ጫካ ውስጥ የሚበቅል ነው። ከዛ ድንጋይ በሶስት ጎን ከቦ ንፋሱን መከለል፣ ውሃው ሲፈላ ቡናውን ጨምሮ አንገቱ ጋ አረፋው ብቅ ሲል አወጣ ማድረግ፣ እንደገና መልሶ አንዴ ብቅ ማስባል፣ ከዛ ማስከን። ማስከኑ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው፣ መሬቱ ዘንበል ያለ ስለሆነ አተላው ወደ አፉ ይመጣል፣ ሻሹን ጠምዝዞ ክብ አድርጎ ማቶት መስራትና ጀበናውን ቀጥ አድርጎ ማቆየት ነው። ከአቦል እስከ በረካ የሚቀመጥ ሰው ሞተሩም ይቀዘቅዝለታል፣ እሱም ያርፋል፣ እረኞችም መጥተው ቆሎ እየቆረጠሙ የቱ ጋ ምንጭ እንዳለ የቱ ጋ መንገዱ እንደፈረሰ ይነግሩታል። ከስልክ ካርታ የማይገኝ ነው።

ጽሁፉ ሳያነሳ ያለፈው አንድ ነገር ደሞ ቤንዚን ነው። ቤንዚን በሃይላንድ የሚይዝ ሰው ከውሃው ሃይላንድ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አያድርግ፣ በጨለማ አይለይም፣ በሶውም ሽታውን ይስባል። እሳት እምቢ አለ ብሎ ቤንዚን የሚያርከፈክፍ አለ፣ ተዉ፣ ትነቱ ነው ቀድሞ የሚያያዘው። ጮቄ ላይ ጓሳ ባለበት እሳት አይለኮስም፣ በጋ ላይ አንድ ፍንጣሪ ብዙ ነገር ታጠፋለች። የቤተክርስቲያን ደን አጠገብ የሚያድር ሰው መጀመሪያ ቄሱን አባ ብሎ ይጠይቅ፣ ማሳ ከሆነም ባለቤቱን። መቼም ጎጃሜ «የመሸበት እንግዳ ቤት እያለ ሜዳ ያድራል እንዴ!» ማለቱ አይቀርም፣ ግቡ ካሉ መግባት ነው፣ ቡናውን እዛ ማፍላት ይቻላል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳት በፊት ከአካባቢው ሰው አጣርቶ ነው።

አሁን የምለምናችሁ ይሄ ነው፣ ስለ ከሰሉ ማስተካከያ አውጡ፣ በዛው አምድ፣ ሰው በሚያየው ቦታ። ህዳር ሲገባ ውርጩ ይጀምራል፣ ሰው ከሰሉን ወደ ድንኳን የሚያስጠጋው ያኔ ስለሆነ ከዛ በፊት ይድረስልን።

አክባሪያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ