መኪናዋና ምጣዱ

ይድረስ ለወንድሜ ለደሳለኝ፣

እንደምን ሰነበትህ? ልጆቹስ? እኛ ክብር ለእግዚአብሔር ደህና ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ አትቀየመኝ። በኔትወርኩና በመንገዱ ማሳበብ እችል ነበር፤ ግማሹ ግን የራሴ ስንፍና ነው።

ያቺን ስንገፋት የኖርነውን ኮሮላ ሸጥኳት። አሁን የምነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። «ካላጓራ ምኑን መኪና ሆነ» ትል እንደነበር አልረሳሁም። እኔም ጥር 2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል ያላልኩት አልነበረም። ኋላ ግን ቤንዚን ሰልፍ ላይ አድሬ ጠዋት «አልቋል» ስባል ልቤ ቆረጠ።

ቤት ውስጥ ግን ጠብ ገባ፤ ከምጣዱ ጋር። ሁለቱ አንድ ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። የመጀመሪያው ማታ እንጀራው ሳይበስል መብራቱ ድርግም አለ። ባለቤቴ ሊጥ በነካው እጇ ወጥታ እንዴት እንዳየችኝ አልነግርህም፤ ታውቃታለህ። አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ የምጣድ ነው፤ መኪናዋ አትሰካም። በሌላው ቀን፣ መብራት ሊጠፋ ነው ከተባለ፣ ጀሪካን እንደምንሞላ ቀድመን እንሞላታለን።

አባትህ በኤንትሬው የጭነት መኪና ዓባይ በረሃን ሲያወርዱን «ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም» ይሉን አልነበር? ይቺ እግሬን ሳነሳ በራሷ ትይዛለች፤ ሞተሯ ጄኔሬተር ይሆንና ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከቤዛዊት ስወርድ የባትሪው ቁጥር ባይጨምር እንኳ አይቀንስም። እኔም ዓይኔን ከዚያ ቁጥር መንቀል አቃተኝ። ድሮ ቀድሞ ማለፍ ነበር ሥራዬ፤ ዛሬ ከባጃጅ ኋላ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። ትዕግሥት እንዳይመስልህ፣ ስስት ነው። ጎንደር ደርሶ መልስ ግን እስካሁን አልደፈርኩም።

እናቴ ከምን እንደምትሞላ ጠይቃኝ ስነግራት «ታዲያ በጣና ውኃ ነዋ የምትሄደው» አለች። ሳቅሁ፣ ግን ምን ብዬ ልሟገት? የበለስ ማመንጫ ከ2002 ጀምሮ የሚዞረው ከሐይቁ በዋሻ በሚወርድ ውኃ ነው፤ 460 ሜጋ ዋት።

ያልለመድኩት የመኪናዋን ዝምታ ነው። የከተማችንን ብስክሌተኛ ታውቀው የለ? አይሰማትም። አህያም አትሰማትም። በዘንባባው ሥር አንድ ልጅ እጀታውን ለቆ ሲጋልብ ከኋላው ደረስኩ፤ ክላክስ ባደርግ ደንግጦ ይወድቃል። መስኮት ዝቅ አድርጌ «ወንድም፣ እያለፍኩ ነው» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው የማልፈው፤ ክላክሱን ከነካሁ ቆየሁ። «ጋሼ» መባሉን ግን ገና አልዋጥኩትም።

የአባትህን ጤና ጻፍልኝ። ለጥምቀት ከመጣህ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ብቻ እሑድና ረቡዕ ጠዋት አትግባ፤ ማታውን ምጣዱ ነው ተራው።

ወንድምህ
ከባሕር ዳር