የክርስትናው ቀንና የቪዛው ቀን

የካ አባዶ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ድፍን ዓመት ዝም ያልኩህ ከሠርግህ በመቅረቴ አፍሬ እንጂ ተቀይሜህ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልንገርህ። ባለፈው እሑድ እናትህ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ብለው፣ ባለቤትህ ነሐሴ ላይ እንደምትወልድና ልጁን ክርስትና የማነሣው እኔ እንድሆን መፈለግህን ሲነግሩኝ ግን ከዚህ በላይ ዝም ማለቱ ነውር ሆኖ ታየኝ።

ለሠርግህ ወደ አውሮፓ እንዳልመጣ ቪዛ መከልከሌን እንጂ እንዴት እንደተከለከልኩ አልነገርኩህም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በቀጠሮዬ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ በመገናኛ በኩል ስሄድ ወረቀቶቼ የተሟሉ መስለውኝ ነበር፤ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ፣ እስከ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድንና ያንተ የግብዣ ደብዳቤ በእጄ ነበሩ። ያን ዕለት ያስቸገረኝ የጣት አሻራው ብቻ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀትና በኮላ የተላጠውን የአናጺ ጣት ማሽኑ አላነብ ብሎ ደጋግመው አስታጠቡኝ። ከሳምንታት በኋላ የደረሰኝ መልስ ግን ስለ ጣቴ አልነበረም። በታተመ ቅጽ ላይ ከተደረደሩት ምክንያቶች በአንዱ ላይ ምልክት ተደርጎ፣ የቪዛው ጊዜ ከማለቁ በፊት ተመልሼ ስለመውጣቴ ጥርጣሬ መኖሩን ይገልጻል። ሚስትና ሁለት ልጆች፣ ተከፍሎ ያላለቀ የኮንዶሚኒየም ዕዳና ቀብድ የተቀበልኩበት የስድስት በር ሥራ ያለብኝ ሰው የት እንደምጠፋ እስካሁን አልገባኝም። ያሳፈረኝም ክልከላው ሳይሆን በማያውቀኝ ሰው ፊት ከዳተኛ ሆኜ መታየቴ ነው።

ቆይቶ ንዴቴ ሲበርድ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ መረመርኳቸው፤ ጥርጣሬውን ያመጣው ምን እንደሆነ ባይነግሩኝም ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው ዕቁቤ ነው። ከማመልከቴ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ዕቁብ ደርሶኝ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ወደ ባንክ አስገብቼው ነበር። ለእኛ ይህ የጥንቁቅ ሰው ሥራ ነው፤ የባንክ መግለጫውን ለሚያነብ የውጭ ሰው ግን ለማመልከቻው ተብሎ የተበደርኩት ገንዘብ ይመስላል። ቅጹ ላይ ደግሞ ዕቁብ የሚባል ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም። በዚህኛው ዙር ከዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ መቼ እንደገባሁ፣ ስንት እንደጣልኩና መቼ እንደደረሰኝ የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፌ በሕጋዊ አስተርጓሚ አስተርጉሜዋለሁ።

ሁለተኛው ስሜ ነው። አንተ በግብዣው ላይ እንደ ልማዳችን ስሜንና የአባቴን ስም ብቻ ጻፍህ፤ ፓስፖርቴ ግን አያቴን የቤተሰብ ስም አድርጎ መዝግቦታል። በዚያ ላይ በአያቴ ስም ውስጥ ያለችው «ጻ» በፓስፖርቴ በሁለት የላቲን ፊደላት፣ በባንኩ መዝገብ ደግሞ በአንድ ተጽፋለች። የባንኩን አስተካክያለሁ፤ ያንተ ይቀራል።

እስከዚያው ደንቡም ጠብቋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ መንግሥታችን እዚያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላደረገም በማለት፣ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን፣ ማለትም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ማመልከቻ መልስ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ክፍያውም ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል። ጭማሪው 10 ዩሮ ብቻ ነው እንዳትል፤ ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሲሰላ ባለፈው ዓመት ከከፈልኩት ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

እንግዲህ የኔ ጭንቀት ይህ ነው፦ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው፤ የእነርሱ መልስ ደግሞ 45 ቀን ይወስዳል። ሴት ከሆነች 80 ቀን ስላለን እፎይ እንላለን፤ ወንድ ከሆነ ግን ልጁ እስኪወለድ ብጠብቅ ቪዛው የሚደርሰው ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳይወለድ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ላመልክት አስቤያለሁ። ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ማመልከት ስለሚፈቀድ በዚህ በኩል ችግር የለም።

ካንተ የምፈልገው ሐኪሙ የሰጣችሁን የመውለጃ ቀን ቶሎ እንድትልክልኝና አዲስ የግብዣ ደብዳቤ እንድትጽፍልኝ ነው። ስሜን ከራስህ አትጻፍ፤ የፓስፖርቴን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁና ፊደል በፊደል ከእርሱ ገልብጥ። የመግቢያና የመመለሻ ቀኔንም ለይተህ ጥቀስ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳታደርገው፣ የስድስቱ በሮች ባለቤት ከዚያ በላይ አይታገሠኝም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪህ ወንድምህ