ውሉን ሳላየው ቀብድ እንዳትከፍዪ

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልኝን የአፓርታማ ዋጋ አየሁት። የአንዱ ካሬ ዋጋ ብቻ ነው የተጻፈው፤ ዋናው ወጪ ያልተጻፈው ላይ ነው።

መጀመሪያ ካሬውን አጣሪ። 120 ካሬ ሲሉሽ ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና የሊፍቱን ቦታ ጨምረው ሊሆን ይችላል። 20 በመቶው የጋራ ከሆነ በር ዘግተሽ የምትኖሪበት 96 ካሬ ነው፤ የምትከፍዪው ግን የ120ውን። የተጣራው ስፋት ውሉ ላይ በቁጥር ይግባ። ቫቱንም ጠይቂ፦ ዋጋው ውስጥ ካልተካተተ በ10 ሚሊዮን ብር ላይ 1.5 ሚሊዮን ይጨመራል። ካርታው በስማችን ሲዞር ደግሞ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚችል ከወዲሁ ይጻፍ።

አከፋፈሉ በየሦስት ወሩ ከሆነ አልስማማም። ግንባታው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢቆምም ቀኑ አይቆምም፤ ብሩን መላክ እንቀጥላለን። ክፍያው ከሥራው ጋር ይታሰር፦ የእኛ ወለል ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት) ሲሞላ ይህን ያህል፣ ብሎኬቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ልስኑ ሲያልቅ ይህን ያህል። የመጨረሻው ድርሻ ቁልፍ ስንረከብ ይሁን። "የዋጋ ማስተካከያ" የሚለውን አንቀጽ ደግሞ ደጋግመሽ አንብቢው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ጣሪያ ያልተቀመጠለት ማስተካከያ ከፈረምን እንዲህ ያለው ጭማሪ ሁሉ በእኛ ላይ ነው የሚወድቀው።

ኮንዶሚኒየሙ ይሻላል ብለሽ ነበር። አምስት ዓመት ያልሞላው አይሸጥም፤ "በውክልና እናዙርልሽ" ካሉሽ ተመለሺ። ወካዩ ማለትም ሻጩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮት ይቀራል፣ አንቺም ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ትመላለሻለሽ። አምስት ዓመት የሞላው ከሆነ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ይምጣ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፤ ካላገባም ያላገባ ማስረጃ ያቅርብ።

የእኔን ውክልና ቆንስላው ካረጋገጠው በኋላ እልክልሻለሁ። አንቺ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም ሰነዶች ማረጋገጫ ትወስጂዋለሽ። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ ለመለወጥ አይበቃም፤ ስለዚህ "ቤት ለመግዛት፣ ውል ለመፈረም፣ ካርታ ለመረከብ" ብዬ አንድ በአንድ አስጽፈዋለሁ።

ርክክብ ላይ ቀለሙን አትዪ፤ መታጠቢያ ቤቱን እዪ። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የፍሳሹን ቀዳዳ ድፈኚና አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ሙዪበት። ግድግዳው ላይ ልኩን በእርሳስ አስምሪ፣ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። በማግስቱ ታችኛው ፎቅ ወርደሽ ኮርኒሱን ተመልከቺ፤ ከረጠበ ውኃ መከላከያው በትክክል አልተሠራም ማለት ነው። ማፍሰሱ ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ከተገኘ ሁሉም ይፈነቀላል። ቆጣሪው የራሳችን ይሁን የጋራ፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱና የውኃ ፓምፑ በጄኔሬተር ይሠሩ እንደሆነም ጠይቂ። ወርኃዊው የጋራ ክፍያ የሚወደደው በነዚህ ነው።

የዓመት ኪራይ ተቀብለን ሴራሚክ እናስነጥፋለን ያልሽው አይሆንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። የማጠናቀቂያውን ብር ከአሁኑ ለይተን እንያዘው።

የውሉን ረቂቅ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ጀርባውንም ጭምር። እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ