አንሱኝ! የጌም ክበባችን ዓመት

መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ክበቡን ስንከፍት አብዛኛው ልጅ የመጣው ፊፋ ፍለጋ ነው። ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ ወረፋ የያዘው ይገባል። ደስ ይላል። እኔ ግን ለክበቡ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር። አራት ልጆች በአንድ ወገን ሆነው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ካላነሳው ሁሉም የሚያልቁበት ጨዋታ። እንዲህ ዓይነት ጌም ሲፈለግ ዞሮ ዞሮ ዞምቢ ጋር ነው የሚደረሰው። ስለዚህ ዓመቱን ከዞምቢ ጋር አሳለፍነው።

የመረጥነው ሌፍት ፎር ዴድ ነው። በፈረንጆቹ 2008 የወጣ ጌም ነው፤ ድሮ መሆኑ ጠቀመን። የቤተ ሙከራችን ኮምፒውተሮች አርጅተዋል፣ እሱ ደግሞ በ1 ጂቢ ራም ይሠራል። አንዴ ከተጫነ አራት ኮምፒውተሮችን በኬብል ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ ከሚያገናኝ አንድ ስዊች ጋር ማገናኘት ነው፣ በቃ። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ የለንም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ጌሙ ደም የበዛበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደረጃው ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ሁለተኛው ክፍል በ2009 ሲወጣ አውስትራሊያ እንዳለ እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር፤ የገባው ደሙ ተቀንሶለት ነው። እኛም 17 የሞላቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች ብቻ፣ ያውም ወላጅ ፈርሞላቸው እንዲጫወቱ ወሰንን። አንዲት እናት ፎርሙን ሳይፈርሙ ይዘውት መጡ። "ልጄን ምን ልታስተምሩት ነው?" አሉኝ። ወንበር ስቤ ከልጆቹ ጀርባ አስቀመጥኳቸውና አንድ ዙር አዩ። ስለ ደሙ ምንም አላሉም። "ያን ልጅ ለምን ጥለውት ሄዱ?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ፈረሙ። ዓመቱን ሙሉ የዚህ ጌም ነገር ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው።

ጥለውት መሄዳቸው ነው እንግዲህ ዋናው ነገር። ሀንተር የሚባል ዞምቢ አለ። ዘሎ ደረትህ ላይ ከወጣ አለቀልህ። መሣሪያ ይዘሃል፣ ጥይትም አለህ፣ ግን ራስህን ማላቀቅ አትችልም። ጓደኛህ መጥቶ ገፍቶ ወይም ተኩሶ ካላነሳልህ ቀስ እያልክ ትሞታለህ። ስሞከር የሚባለው ደግሞ በረጅም ምላሱ ከሩቅ ይጎትትሃል፤ ከቡድኑ ለተነጠለ ሰው በጣም አደገኛ ነው። ከሞትክም በኋላ ነገሩ አያበቃም። ወደ ፊት የሆነ ክፍል ውስጥ ተዘግቶብህ ትነቃለህ፣ እየተጣራህ ትጠብቃለህ፣ በሩን የሚከፍትልህ ከተረፉት አንዱ ነው። ተጋገዙ ተብሎ በቃል የሚነገር ምክር የለም፤ አሠራሩ ራሱ ያስገድድሃል። እኔ በ11 ዓመት የመምህርነት ሥራዬ የቡድን ሥራ እየሰጠሁ ስንት ጊዜ አንድ ልጅ ብቻውን ሠርቶ የአምስቱን ስም ሲጽፍ አይቻለሁ። ይሄ ጌም ያንን ቀዳዳ ደፍኖታል።

ደፍኖታል ስል ግን መጀመሪያ ላይ እንደዚያ አልነበረም። ጥቅምት ላይ አንድ በጣም ጎበዝ ልጅ ነበረን፣ እጁ የሚፈጥን። በር ሲከፈት ቀድሞ ይሮጣል፣ ሁለቱ ይከተሉታል። አራተኛዋ ዝምተኛ ልጅ ነች፣ ክፍል ውስጥም ድምፅዋ አይሰማም። አንድ ቀን ከኋላ ቀርታ ሀንተር ወጣባት። "አንሱኝ" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ልብ በሉ፣ አራቱም አንድ አግዳሚ ላይ ነው የተቀመጡት፣ የእሷ ክርን የልጁን ክርን ይነካዋል። ሦስቱ ግን ስለ በሩ እየተጯጯሁ ስለነበር አልሰሟትም። ስክሪኗ እየቀላ ሄደ። እጆቿን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገቻቸው። ጀርባቸው ቆሜ ሁሉንም አየሁ። ማስቆም ነበረብኝ፣ አላስቆምኩም። ያ ነገር እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት ጌሙን ሳንከፍት ተቀምጠን አወራን። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝን። በር ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለበትን ይናገራል፣ የኋለኛው "አለሁ" ሳይል ማንም በር አይከፍትም። ታኅሣሥ ላይ ያው ፈጣን ልጅ ጌሙ ውስጥ ባለው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተያዘ። የምትቀርበው እሷ ነበረች። ተመልሳ ሮጠች፣ ደረሰች፣ ተኮሰች፣ የተኮሰችው ግን እሱን ነው። ጌሙ ውስጥ የጓደኛ ጥይትም ይጎዳል። ሁለቱም አለቁ፣ ዙሩም ከሸፈ። ልጁ ዞር ብሎ "ቢያንስ መጣሽ" አላት። ከዚያ ቀን በኋላ እሷ ስትጣራ ድምፅዋ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ድረስ ይሰማ ነበር።

ሌላው የወደድነው ዳይሬክተር የሚባለው ነገር ነው። የሚያወራ ገጸ ባሕርይ እንዳይመስላችሁ፣ ከጀርባ ሆኖ የሚከታተል ፕሮግራም ነው። ቡድኑ ምን ያህል ተጎድቷል፣ ምን ያህል ተጨናንቋል እያለ ይለካል። ተመችቷችኋል ብሎ ካሰበ መንጋ ይለቃል፤ ከተጨናነቃችሁ በኋላ ደግሞ ትንሽ ያስተነፍሳችኋል። ስለዚህ ያው ካርታ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይሆንም። ጌሙን የሠሩት ተርትል ሮክ የሚባሉት ናቸው፣ ያወጣው ቫልቭ ነው። ሐሳቡ የመጣላቸው ካውንተር ስትራይክ በሚባል የተኩስ ጌም ውስጥ ቢላ ብቻ ከያዙ ብዙ ቦቶች (ኮምፒውተሩ ከሚያንቀሳቅሳቸው ተጫዋቾች) ጋር ጥቂት ሆነው ሲጫወቱ ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዓይናቸው ፈጠጠ። አንድ ትልቅ ጌም ከእንደዚህ ዓይነት የእረፍት ሰዓት ጨዋታ ሊወለድ እንደሚችል አላሰቡም ነበር።

አሁን ወደ ጉድለቱ። መጀመሪያ የሚታየው ድግግሞሽ ነው። ጌሙ የወጣው በአራት ታሪክ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ አምስት ምዕራፍ። ዳይሬክተሩ ዞምቢውን ቢቀያይርም ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። የካቲት ላይ ልጆቹ ሆስፒታሉን ከቤታቸው በላይ ያውቁት ነበር። አንድ ጥግ ይዘው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው መንጋውን እየገፉ መጨረስ ለመዱ። እዚያ ጥግ ላይ መተጋገዝ የሚባል ነገር የለም። ማንም አይጣራም፣ ማንም አይሮጥም፣ አንደኛው እንዲያውም እያዛጋ ነበር።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ጌሙ ሁሉን ነገር በጓደኛህ ላይ ስለሚጥል ጓደኛህ ክፉ ከሆነ መሄጃ የለህም። አንዱ ልጃችን ቤቱ ኢንተርኔት አለውና ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ገብቶ ነበር። ገና ለማጅ ነው ብለው ሁለት ጊዜ በድምፅ ብልጫ አስወጡት። ሰኞ መጥቶ ሲነግረኝ ፊቱ ልክ አልነበረም። አንድ ላይ አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥና ከማይታይ ሰው ጋር መጫወት በጣም ይለያያሉ፣ እኔ እንደማምነው ይህ ዓይነቱ ጌም ጎን ለጎን ለተቀመጠ ሰው ነው።

በኋላ የመጡትን ተመሳሳይ ጌሞች በቪዲዮ እያየን አወዳደርን። ወርልድ ዋር ዚ፣ የ2019ኙ፣ ዞምቢዎቹ እንደ ጉንዳን ተደራርበው ግንብ ሲወጡ ያስደነግጣል። ኒውዮርክ፣ ኢየሩሳሌም፣ ሞስኮ፣ ቶኪዮ ያስኬዳል። ግን ብዛቱ ስለሚውጥህ አጠገብህ ያለውን ሰው ፊት ማየት ትረሳለህ። ባክ ፎር ብለድ ደግሞ በ2021 ከዚያው ከተርትል ሮክ ነው የመጣው፣ ልጆቹ በጣም ጓጉተውለት ነበር። እዚያ ግን ከመጀመርህ በፊት ካርድ ትመርጣለህ፣ ጉልበትህ ይጨምራል፣ መሣሪያህ ያድጋል። አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ እዚህ ሁሉም የራሱን ነገር ነው የሚያሳድገው" አለ። ልክ ነው። የራስህን ቁጥር እያየህ የጓደኛህን ጩኸት መስማት ይከብዳል። ሲወጣ ብቻህን ብትጫወት እንኳ ኢንተርኔት ካልተገናኘ አይሠራም ነበር፣ ስለዚህ ያኔ እኛ ቤተ ሙከራ ቢመጣም አይከፈትም ነበር።

መጋቢት ላይ ሦስት ሳምንት በተከታታይ በክበቡ ሰዓት መብራት ሄደ። ከዓመቱ ሁሉ ያማረው ሥራ የተሠራው ያኔ ነው። የ10ኛ ክፍል ልጆች ዕድሜያቸው ስላልደረሰ ዓመቱን በሙሉ ቆመው ያዩ ነበር። እነሱ ናቸው ፍሊፕ ቻርት ወረቀት ዘርግተው የራሳቸውን መሥራት የጀመሩት። ካርታው የቀላል ባቡሩ መስመር ነው፤ ከስታዲየም ተነስቶ በለገሃርና በሜክሲኮ አድርጎ ልደታ። ዞምቢዎቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው። አራት ልጅ እያንዳንዱ አንድ ቁልፍ ካርታው ላይ እያንቀሳቀሰ ይጫወታል፣ አንድ ልጅ ደግሞ ዳይሬክተር ሆኖ ቆርኪውን በእጁ ይዞ ይቀመጣል። ቆርኪ የተከበበ ሰው ዳይስ መጣል አይችልም፣ ጓደኛው አጠገቡ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ዳይሬክተር ሰው ሲሆን ነገሩ ተለወጠ። አንዱ ልጅ ጎበዞቹን ብቻ እየመረጠ ይከብባል። ሌላዋ ያሳዝኗታል፣ ለገሃር ላይ ሁለት ቆርኪ ብቻ አስቀምጣ እጇን ጨበጠች፣ ሁሉም ዘና ብለው አለፉ፣ ከዚያ ሜክሲኮ ላይ እፍኝ ሙሉ ዘረገፈችባቸው። ጩኸቱ! የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ ገቡና "ያኛው ቁልፍ ብቻውን ቀርቷል እኮ" አሉ።

የድግግሞሹም ነገር መፍትሔ አገኘ፤ ወረቀቱ ሲሰለች ሌላ ይሳላል። ሰኔ ላይ ሁለተኛው ካርታ፣ ከሾላ ገበያ የሚነሳው፣ ግማሹ ተስሏል።

የ12ኛ ክፍሎቹ ይሄዳሉ። ለመጪው ዓመት ሁለት አዲስ የላን ኬብል ያስፈልገናል፣ የአንዱ አፍ ተሰብሯል። ቆርኪዎቹ ቤተ ሙከራው ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ በጣሳ ተቀምጠዋል፣ ወደ 140 ይሆናሉ። ካርታውም እዚያው ተጠቅልሏል። ሾላን የሚጨርስ፣ እጁ ለመሳል የሚቀና የ9ኛ ክፍል ልጅ ካለ መስከረም የመጀመሪያው ሐሙስ ከ9 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነኝ።