ፊትሽን ያዞርሽበት ሕልም

ሱሉልታ፣ ነሐሴ 28

ይድረስ ለምወድሽ ባልንጀራዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደኅና ነኝ። (ይችን መስመር ለመጻፍ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ስደቢኝ፣ ይገባኛል።)

ሱሉልታ ከገባሁ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ከእንጦጦ ወዲህ ያለው ብርድ ከተማ ውስጥ የምታውቂው አይምሰልሽ። ጭጋጉ ሜዳው ላይ ሲተኛ ጎረቤቴን በድምፅ ብቻ ነው የምለያት። ልብስ አይደርቅም፣ ቀለም አይደርቅም። ከሁሉ የሚያስመርረኝ ግን ብራናው ነው። በበጋ ወጥሬ የፋቅሁት የፍየል ቆዳ እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር፤ ክረምት ሲገባ እርጥበቱን እየጠጣ ይረግባል፣ መስመሬ ይንሻፈፋል። ስለዚህ እስከ መስከረም እነድፋለሁ እንጂ አልቀባም።

የያዝሁት ያንኑ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ነው፣ ተራ በተራ የሚሣልባቸውን 44ቱንም ሣጥን። አንዱ ገዢ ደግሞ «ግድግዳዬ ጠባብ ነው፣ 12 ይበቃኛል» አለኝ። የቱን ልጣል? ቅመም የበዛበትን ግብር? የሌሊቱን ውኃ? እኔን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። ሰሎሞን ከማክዳ ጋር ባደረባት ሌሊት ሕልም አየ ይላል ክብረ ነገሥት፤ ፀሐይ እስራኤልን ትታ ሄዳ ኢትዮጵያ ላይ ስታበራ። የተኛ ንጉሥ ብሥል የተኛ ንጉሥ ብቻ ሆነ። ከራስጌው ፀሐይ ብጨምርበት ቁርጥ የእንቁጣጣሽ ሥዕል መሰለ። ትዝ ይልሻል? እናንተ አበባዬሆሽ ስትጨፍሩ እኔ ጓዳ ተደብቄ ለወንድሜ መልአክና ፀሐይ እሥልለት ነበር። በየቤቱ አድሎ ሳንቲሙን ይሰበስባል፣ ለእኔ አንድ ከረሜላ። ዕዳው እስካሁን አልተከፈለም።

ባለፈው ሳምንት በሕልሜ አየሁሽ። ከንግሥቲቱ ግመሎች ኋላ ቆመሻል፣ እየሣልሁሽ ነው። ፊትሽን ሙሉ፣ ሁለት ዓይን አድርጌ እጀምራለሁ፤ ብሩሹ እምቢ ብሎ በጎን ያወጣሻል፣ ባለ አንድ ዓይን። በእኛ ሙያ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባለ አንድ ዓይን ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ዓድዋ ላይ ጣልያን ነው። በድንጋጤ ነቃሁ።

ቡና ላይ ለጎረቤቴ ነገርኋት። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» አለችና ሁለተኛውን እየቀዳች፣ «ሰው ስሙ ሲጠራ አይደል ፊቱን የሚመልስ? ጠርተሻታል?» አለችኝ።

አልጠራሁሽም። እናትሽ ሲያርፉ እንኳ ለቅሶ አልደረስሁም። ዘግይቼ ሰማሁ፤ ከዚያ ምን ብዬ ልምጣ ብዬ አፈርሁ፤ እፍረቱ ደግሞ እያደር ከበደኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ነፍሳቸውን ይማርልን። ያ የሽሮ ሽታ ያለበት ነጠላቸው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። የሠፈሩ ልጆች «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ዝናቡ ውስጥ ሲዘሉ እኔም መውጣቴ አይቀርም፤ የቀረኝ ዕድገት አለ መሰለኝ። መስከረም 26 መፀው ይገባል። (የአደይ አበባን ወቅት ፀደይ የሚሉ ሰዎች አሁንም ያናድዱኛል። ፀደይ መጋቢት 26 ነው የሚገባው!) ያኔ ብራናው ተመልሶ ይወጠርልኛል።

ከግመሎቹ ኋላ ያለችውን ቦታ ባዶ ትቻታለሁ። ጸጉርሽን ዛሬ እንዴት እንደምትሠሪው አላውቅም። ሹሩባ ነው ወይስ ቆረጥሽው? ጻፊልኝ፤ ከቻልሽ ግን ራስሽ ነይ።

ያንቺው