ንስሐ የገባችው ስካነር

ሙሴ፣

እንዴት ነህ? ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቶ «እንዴት ነህ» ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ስለዚህ ይቅርታውን ቶሎ ልጨርሰው፦ አጥፍቻለሁ፣ ስትመጣ ድንጋይ ተሸክሜ እግርህ ላይ እወድቃለሁ። ትንሽ ድንጋይ ግን፤ ወገቤን ታውቀዋለህ።

የደወልክባቸውን ቀኖች ሁሉ አይቻለሁ። ስልኬም አልተበላሸም፣ ኔትወርኩም ደህና ነበር። አላነሳሁም፣ በቃ። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ልነግርህ አስቤ ነበር፣ ግን ሆዴ ውስጥ ነገር እንደማይቆይ አንተም ታውቃለህ። ከፈረንሳይ፣ ከምትሠራበት ሱቅ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የላክህልን እነዚያ ሁለት የባርኮድ ማንበቢያ ስካነሮች ናቸው። «እንዴት ሆኑ?» ስትለኝ «አንደኛ ናቸው» ብዬህ ነበር አይደል? ልጆቹ ተሰልፈው፣ የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ «ቲጥ፣ ቲጥ» እያደረጉ መጽሐፍ ሲያውሱ... ብዬ ሁሉን አሳምሬ አወራሁልህ። ውሸት ነው። ያን ቀን ሁለቱም ካርቶናቸው ውስጥ፣ ካርቶኑም ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። አንተ ደግሞ ደስ ብሎህ ለአለቃህ ነገርከው፤ እሱ «ፎቶ ይላክልኝ» አለ፤ እኔ ስልክ ማንሳት አቆምኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ፎቶ!

አሁን የምጽፍልህ ግን ሠርታልህ ነው። አንደኛዋ። ስለ ሁለተኛዋ ቆይቼ እነግርሃለሁ፣ ጉዳዬም እሷው ናት።

«ሰክተህ መጠቀም ብቻ ነው» ብለኸኝ አልነበር? ሰካኋት። ኮምፒውተሩም አወቃት፣ ቀይ መብራቷም በራ። አንድ መጽሐፍ አንሥቼ ጀርባውን አስነበብኳት፤ ከ978 ቀጥሎ 99944 ያለበት፣ የኛው አገር መጽሐፍ። ቲጥ አለችና ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው?

(&*((($$

በልጆች ካርቱን ላይ ሰው ሲሳደብ የሚጻፈው እንዲህ አይደል? የሰደበችኝ ነው የመሰለኝ። ሌላ መጽሐፍ አሳየኋት፣ አሁንም ስድብ። ኮምፒውተር ቀየርኩ፣ ያው ነው። ገመዱ ይሆናል ብዬ በራሴ ብር ገመድ ገዛሁ። የኮምፒውተር መምህር ተብዬ ደመወዝ እየበላሁ! እትዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «እኔ በመዝገቤ እቀጥላለሁ» አሉ። ያ መዝገብ ዛሬም አለ። በቀይ እስክሪብቶ ስማችን የሰፈረበት ገጽም አለ፤ ያልመለስነው መጽሐፍ እስካሁን አልተሰረዘልንም።

ነገሩ የተገለጠልኝ ባለፈው ወር ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የኪቦርዱ ሺፍት ተጣብቆበት፣ ስልክ ቁጥር ጻፍኩ ሲል ምልክት ብቻ ተደረደረ። ሳየው የማውቃት ስድብ መሰለችኝ። እኔም ሺፍት ይዤ 9፣ 7፣ 8 ስጫን (&* ወጣ። ለካ ስካነር ቁጥር አትልክም! ኮምፒውተሩን «ኪቦርድ ነኝ» ብላ ነው የምትተዋወቀው፤ የምትነግረውም የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነች ብቻ ነው። በፈረንሳዮቹ ኪቦርድ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ለመጻፍ ደግሞ ሺፍት መያዝ ግድ ነው፤ ይሄን ላንተ አልነግርህም። እናንተ ሱቅ በፈረንሳይኛ ተስተካክላ የኖረች፣ እኛ ዘንድ መጥታም ሺፍቷን አልለቀቀችም። ከፈረንሳይ ተነሥታ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ገብታ ቋንቋዋን ያልቀየረች! አንተ በሦስት ወርህ ነው ወሬህ ላይ የፈረንሳዮቹን «አሎር» መጨመር የጀመርከው።

መድኃኒቱ እዚያው ካርቶን ውስጥ ነበር። ያ ወፍራሙ መመሪያ፣ ገጹ ሁሉ ባርኮድ የሆነው። እኔ መሞከሪያ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያንዳንዱ ትእዛዝ ነው። አንዱን ስታስነብባት የአሜሪካን ኪቦርድ ትሆናለች፣ ሌላውን ስታስነብባት ከቁጥሩ ኋላ ኢንተር ትጨምራለች፣ ሌላው ድምፅዋን ይቀንሳል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ያዘጋጀው ሰው ግን ለማን እንዳዘጋጀው እንጃ። በአንድ ገጽ ስምንት አሥር ባርኮድ ተጨናንቆ፣ አንዱን ስታሳያት ጎረቤቱን ታነብብሃለች። በዚሁ ስሕተት አንዴ የመጽሐፍ ባርኮድ ማንበቧን ጭራሽ አጠፋሁባትና ግማሽ ቀን ሞተች ብዬ አለቀስኩላት። ገጹን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ከስክሪኑ ላሳያት ስል ደግሞ ዝም፤ ባለ ሌዘር ስለሆነች ከወረቀት እንጂ ከስልክ መስታወት አታነብም። በመጨረሻ ከጫማ ካርቶን ትንሽ መስኮት ቆርጬ፣ ጎረቤቶቹን እየሸፈንኩ ነው ያዘዝኳት።

ተገላገልኩ ስል ሌላ መጣ። መጽሐፎቹ ላይ የምንለጥፈውን ቁጥር ሳትም ለማማር ብዬ ፊቱ ላይ ኤል እና ቢ ጨምሬበት ነበር፣ ላይብረሪ ለማለት። እትዬ ደግሞ የመጽሐፉን ርእስ በአማርኛ ጽፈው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልሱት ነው የሚያስነብቡት። ኪቦርድ አይደለች? በአማርኛው ላይ ኤልና ቢን ተጫነችና «ልብ0412» ብላ ጻፈች። ኮሃም (ያ ኒውዚላንዶች የጀመሩት ነጻው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ነው የምንጠቀመው) ልብ የሚባል አላውቅም አለ። እትዬ ስቀው ሊሞቱ። «ልብ ካላትማ ትማራለች» አሉኝ።

እኔ ወደ መመሪያው ሮጥኩ። መላ አለው፤ አልት የሚባለውን ቁልፍ ይዛ የፊደሉን መለያ ቁጥር እንድትጽፍ ታዝዛታለህ፣ ያኔ የኪቦርዱ ቋንቋ ምንም አይገዳትም። ሞከርኩት፣ ሠራ፣ ግን እንደ ጀማሪ ታይፒስት ትንቀረፈፋለች። እትዬ ሲያዩኝ ቆዩና «ፊደሉን ግን ለምን ጨመርከው?» አሉ። ምን ልበላቸው? ቁጥር እንደሆነ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ያው ቁጥር ነው። ሦስት መቶ ተለጣፊ በጥፍሬ ልጬ፣ ከ10001 የሚጀምር ባዶ ቁጥር አተምኩ። በዜሮ ያልጀመርኩት ኤክሴል የፊት ዜሮ ስለሚበላ ነው፤ እሱንም ያወቅኩት ከበላብኝ በኋላ ነው።

አሁን መመሪያው ቁም ሳጥን ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ላሚኔት የተደረገ አንድ ገጽ ነው፤ አራት ባርኮድ በአራቱ ማዕዘን፣ ተራርቀው። (ፎቶ ኮፒ አይሆንም፤ መስመሩን ያደፈርሰዋል፣ አታነበውም።) የመጀመሪያው የተነገራትን ሁሉ አስረስቶ ከፋብሪካ እንደወጣች የሚያደርጋት ነው። «ይሄንን ምን ብዬ ልጻፈው?» ስላቸው «ምን ያስጨንቅሃል፣ ንስሐ ነዋ!» አሉ። እንዲሁ ጻፍኩት። ንስሐ፣ አሜሪካን ኪቦርድ፣ ኢንተር፣ ቀስ በዪ (ድምፅ መቀነሻው)። በዚሁ ተራ፤ ንስሐው ኋላ ከመጣ ሦስቱን ይዞባቸው ይሄዳል።

ትናንት እኔ ክፍል ሳለሁ ልጆች መመሪያውን አውጥተው ሲጫወቱ አበላሿት። ደወል ተደውሎ ስሮጥ ስደርስ እትዬ ቁጭ ብለው ያውሳሉ። «ማን አስተካከላት?» አልኳቸው። «ንስሐ አስገባኋት» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። ሙሴ፣ እኚህ ሴትዮ በሐምሌ ጡረታ ይወጣሉ። ማን እንደሚተካቸው አልታወቀም፤ ሌት ሌት የማስበው እሱን ነው። ገጹን ያሳጠርኩት ለእሳቸው ብዬ ነበር፤ አሁን ሳየው ግን ለሚመጣው ሰው ይመስለኛል።

ወደ ጉዳዬ። ሁለተኛዋ፣ ባለ ካሜራዋ፣ ዛሬም ትሳደባለች። ሠሪዋ ሌላ ነው፤ የእኅቷን ኮዶች ሳሳያት ትጮህብኛለች እንጂ አትሰማም። መመሪያዋም ካርቶኑ ውስጥ የለም። ሆዷ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥቼ አስከትላለሁ፤ ሱቃችሁ ጓዳ ውስጥ ፈልግልኝ። ሙሉውን አትላክ፣ እግዜር ያሳይህ። አራቱን ብቻ። ስማቸውንም ከፈረንሳይኛው ገልብጥልኝ፣ ንስሐ እንኳ ስም አላት።

ሌላም... እናትህን ለፋሲካ ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ደህና ናቸው። «ትገናኛላችሁ አይደል?» ሲሉኝ «እንዴታ!» አልኳቸው። እሱም ውሸት ነበር። ደውልልኝ፣ አሁን አነሳለሁ።

ፎቶውን ዛሬ ልልክልህ ነበር። እትዬ ግን «በዚህ ጋቢ ፈረንሳይ አልሄድም» ብለው እምቢ አሉ፤ ሰኞ ነጠላቸውን ለብሰው ይመጣሉ። አለቃህን እስከዚያ ያዝልኝ።

ያው እኔ